የአባቴ የልብ ምት ተስተካክሏል፤ አሚዮዳሮንን ማቆም ይቻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ68 ዓመቱ አባቴ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ስላለባቸው አሚዮዳሮንና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ባለ 200 ሚሊ ግራሙ አሚዮዳሮን በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወሰድ ታዟል። አሁን የልብ ትርታው ስለጠፋላቸው «ድኛለሁ፣ ሁለቱንም ላቁም» ይላሉ። መጠኑ እንዲህ በፍጥነት መቀነሱ ትክክል ነው? ማቆምስ ይቻላል?

መልስ፣ ከፋርማሲስት፦
የጻፉት አወሳሰድ የተለመደ ነው። አሚዮዳሮን በሰውነት ስብ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚጠራቀም መጀመሪያ በብዛት ይሰጣል፤ ከሞላ በኋላ ጥቂቱ ይበቃል። አወጣጡም እንዲሁ አዝጋሚ ነው፤ ግማሹ እስኪወገድ ብቻ በአማካይ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ አባትዎ አቁመው ወር ሙሉ ደኅና ቢሆኑ እንኳ መዳናቸውን አያሳይም፤ መድኃኒቱ ገና አብሯቸው ነው። በዚህ ላይ አሚዮዳሮን ዋርፋሪን በጉበት ውስጥ የሚወገድበትን ሂደት ስለሚያዘገይ ኃይሉን ያጠነክረዋል፤ ይህም በሳምንታት ውስጥ እየጎላ ስለሚሄድ የዋርፋሪኑን መጠን ብዙ ጊዜ ከሲሶ እስከ ግማሽ መቀነስ ያስፈልጋል። ለመሆኑ ዋርፋሪን ደማቸውን ምን ያህል እንዳቀጠነ የሚያሳየው፣ አይኤንአር የተባለው የደም ምርመራ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተደረገላቸው?

መልስ፣ ከልብ ሐኪም፦
ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ዓይን ማየት አደገኛ ነው። አሚዮዳሮን የሚሰጠው ምቱን ለማስተካከል ሲሆን፣ ዋርፋሪን ደግሞ በላይኛው የልብ ክፍል ደም ረግቶ ወደ አንጎል እንዳይሄድ ነው። ሕመሙ ምንም ሳይሰማ ሊመላለስ ስለሚችል፣ የትርታው መጥፋት የስትሮክ ስጋት ጠፋ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመውና ከ4,000 በላይ ታካሚዎች በተሳተፉበት «አፊርም» የተሰኘ ጥናት፣ በስትሮክ ከተጠቁት አብዛኞቹ ዋርፋሪን ያቆሙ ወይም አይኤንአራቸው ከሚፈለገው በታች የነበረ ሰዎች ነበሩ። አሚዮዳሮንን ስለማቆም መጠየቅ ግን ተገቢ ነው፤ ሁሉም ታካሚ ዕድሜ ልኩን አይወስደውም። ሐኪማቸው ኢሲጂውን (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውን) እና የልባቸውን አጠቃላይ ሁኔታ አይቶ ይወስን እንጂ በቤት ውስጥ የሚወሰን አይደለም።

መልስ፣ ከአንዲት አስታማሚ፦
እናቴም ይህንኑ ትወስዳለች። ከመድኃኒቱ ክብደት ከሲሶ በላዩ አዮዲን ስለሆነ ታይሮይዷን ነክቷት ነበር፤ ድካሙንም ሁላችንም በእርጅና አሳበብነው። የታይሮይድና የጉበት ምርመራ በየስድስት ወሩ እንዲደረግላቸው ይከታተሉ። ቆዳንም ለፀሐይ ስለሚያጋልጥ ሽፍንፍን ብለው ይውጡ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። አይኤንአሩ ከተለካ ቆይቷል፤ ነገ እወስዳቸዋለሁ። ሰሞኑን ደረቅ ሳል ይዟቸዋል፤ ጉንፋን መስሎን ትተነው ነበር።

መልስ፣ ከፋርማሲስት፦
ሳሉን ነገውኑ ለሐኪሙ ይንገሩት። ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አሚዮዳሮን አልፎ አልፎ ሳንባን ስለሚጎዳ፣ በተለይ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ የደረት ራጅ መነሳት አለባቸው። ሐኪሙ ሳያዝ የሳል መድኃኒትም ሆነ አንቲባዮቲክ አይግዙላቸው፤ ኤሪትሮማይሲንን የመሳሰሉት ከአሚዮዳሮን ጋር ሲደመሩ ራሳቸው አደገኛ የምት መዛባት ሊያስነሱ ይችላሉ።