ሎቲ፣ ሱሪ፣ እንሶስላ፦ ለመስከረም የምናቀርበው ረቂቅ ደንብ

የኅብረቱ ጸሐፊ

እንደምን ሰነበታችሁ። ክረምቱ ሊወጣ፣ ምዝገባው ሊጀመር ነው። ርእሰ መምህሩ የአለባበስና የጌጣጌጥ ደንቡን አይታችሁ ሐሳብ ስጡኝ ብለውናል። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ዝም ካለ በሩ ላይ የሚለጠፈው ያው የአምናው ወረቀት ነው።

ወረቀቱን ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። 14 ክልከላ አለበት። 9ኙ ለሴቶች፣ 2ቱ ለወንዶች፣ 3ቱ ለሁሉም። የወንዶቹ አጭር ነው፤ ጸጉር አታሳድግ፣ ጆሮህ ላይ ምንም አታድርግ። የሴቶቹ ከራስ ጸጉር ይጀምርና እግር ጥፍር ላይ ያበቃል። «ለምን» የሚለው ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱን ክልከላ ለምን እንበለው። ምክንያት ካለው አብሮ ይጻፍ። ምክንያቱ ለወንድም ለሴትም የሚሠራ ከሆነ ለሁለቱም ይሁን። ምክንያት ያጣንለት ይውጣ። ጻፉ እስቲ። የድምፅ መልእክት ብቻ አትላኩብኝ፣ ለመገልበጥ ያስቸግረኛል።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ እናት

ከኔ ልጅ ልጀምር። አምና መስከረም፣ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ከበር ተመለሰች። «ጥፍርሽን ቀለም ተቀብተሻል» ተባለች።

ቀለም አይደለም። እንሶስላ ነው። ለእንቁጣጣሽ አያቷ ዘንድ ሄዳ፣ ሥሩን ወቅጠው፣ እጅና እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ ያደረችው ነው። እንግጫ ነቀላ፣ ከጓደኞቿ ጋር የበዓሉን ሣር ልትነቅል፣ ስትሄድ እጇ ነጭ ሆኖ ሊታይ ነው እንዴ? የጎጃም ሴት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እንሶስላ ደግሞ በሳሙና አይለቅም፣ በአሴቶን አይለቅም። ጥፍሩ እያደገ እየተቆረጠ ነው የሚያልቀው።

«ሄደሽ አስለቅቀሽ ነይ» አሏት። ከገበያ ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በምላጭ ጥፍሯን ትፍቃለች። የአውራ ጣቷ ጥፍር ሥሩ ድረስ ሳስቷል። ደሙንና እንሶስላውን መለየት አቃተኝ። ምላጩን ቀማኋት። ሁለት ቀን ከቤት ዋለች። ታናሽ ወንድሟ እዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ እሱ በዚያው በር ገባ። የሱን ጥፍር ማን አየው? ለነገሩ ጭቃ የሞላበት ነበር።

ስለዚህ «የጥፍር ቀለም» የሚለው ይውጣ። ንጽሕና ከሆነ የምትፈልጉት «ጥፍር ይቆረጥ፣ ንጹሕ ይሁን» በሉና ለሁሉም ጻፉት።

የስፖርት መምህር

የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 4 ሊረዳን ይችላል። ማንኛውም ጌጣጌጥ ክልክል ነው ይላል። በፕላስተር ሸፍኖ መግባትም አይቻልም። ወንድ፣ ሴት የሚል ነገር የለውም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቀለበትና ጉትቻ ለባሹንም ባልንጀራውንም ይጎዳል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሉም ያውልቅ። ቤተ ሙከራ ውስጥ እሳት ሲለኮስም እንደዚሁ፣ ረጅም ጸጉርም ይታሰር። ከዚያ ውጭ ጆሮ ላይ ያለ ነገር ሒሳብ ለመማር ምን ያስቸግራል?

የተማሪዎች ተወካይ፣ 11ኛ ክፍል

ቲቸር፣ ማውለቁን እንስማማ። ግን ዝም ብሎ «ቀኑን ሙሉ አውልቁ» ሲባል ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ? ቀዳዳው እንዳይደፈን የመጥረጊያ ስንደዶ ሰብረን እንሰካለን። ጠዋት ሰልፍ ላይ ብታዩ ግማሹ ሴት ጆሮው ላይ ስንጥር አለ። አዲስ የተበሳ ጆሮ እስኪድን ደግሞ 6 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ ቶሎ ቶሎ ከተነካካ ያመረቅዛል። እኔን ዩኒት ሊደሩ ስንጥሩንም «ጌጥ ነው» ብሎ አስወልቆኛል። ከጆሮ ጋር የሚጣበቅ ትንሽ ጉትቻ ይፈቀድ፣ የሚንጠለጠለው ይቅር። ለማንም።

የወንዶች ጸጉርም ይነሳ። ለሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ድራማ ስናዘጋጅ ጎፈሬ ያለው ልጅ ተፈለገ። የለም። ሁሉም ተላጭቷል። በመጨረሻ በበግ ቆዳ ሠራንለት፣ መድረክ ላይም ወደቀበት። በላይ ዘለቀ ራሱ በዚያ ፎቶው ላይ ባለው ጸጉሩ ቢመጣ ከበር ይመለስ ነበር።

የወላጆች ተወካይ

ልጄ፣ ሳቅሁ። ግን «ለማንም» ያልሽው ነገር ወንድ ልጅ ጉትቻ ያድርግ ማለት ከሆነ እኔ የለሁበትም። የ70 ዓመት ሰው ነኝ። ይህን ፈርሜ ገበያ አልወጣም።

የኅብረቱ ጸሐፊ

አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድሮ ዝሆን የገደለ ወንድ ሎቲ ያደርግ የለም እንዴ? ለጀግና ክብር ነበር።

የወላጆች ተወካይ

ያ ዝሆን ገድሎ ነው። የኔ የልጅ ልጅ ዝንብ አልገደለም።

ልብስ ሰፊ ወላጅ

እኔ ስለ ጌጡ አላውቅም፣ ስለ ጨርቁ ልናገር። በየዓመቱ የደንብ ልብስ እሰፋለሁ። ደንቡ ለሴት ሽንሽን ጉርድ ቀሚስ ብቻ ይላል። ሽንሽን ጨርቅ ይበላል። ወላጅ ሲመጣ «ለወንዱ ይኸን ያህል፣ ለሴቷ ለምን በዛ?» ይለኛል። ሌባ የሚመስለው እኔ ነኝ።

ደግሞ ብርዱ አለ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ የጮቄ ነፋስ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት አጥንት ይገባል። ከገጠር ቀበሌ ስንቃቸውን ይዘው መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ሰኞ ሰኞ ሌሊት ተነሥተው በእግር የሚመጡ። ሴቶቹ ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ይለብሳሉ። በር ላይ «ከሥር ያለውን አውልቂ» ይባላሉ። አንዷ የት ልታወልቀው ነው? ሱቄ ገባች። ከስፌት መኪናው ጀርባ አውልቃ ሱሪውን አጣጥፋ እኔ ዘንድ አስቀምጣ ሄደች። እየተንቀጠቀጠች። ስትመለስ ለብሳው ሄደች። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ለመዱት፣ መደርደሪያዬ የሱሪ ማስቀመጫ ሆነ።

ሱሪ ለሴትም ይፈቀድ። ቀሚስ የምትፈልግ ቀሚስ። ቀለሙ አንድ ይሁን እንጂ። እኔም መደርደሪያዬን ላግኝ።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ እናት

ይህን ሁለት እጄን አውጥቼ እደግፋለሁ።

የዜግነት ትምህርት መምህርት

የሕጉን ነገር በአጭሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት፣ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ያነሳል። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል። በር ላይ ጆሮ መቆንጠጥና ጸጉር በመቀስ መሸለት እዚያው ይወድቃል። ረቂቃችን ላይ «ማንም ተማሪ በአለባበስ ምክንያት አይነካም» የሚል መስመር ይግባ።

ማተብና ሒጃብ ከጌጣጌጥ ዝርዝር ይውጡ። አምና ማተብ «የአንገት ጌጥ» ተብሎ የተያዘበት ልጅ አለ። ክር እኮ ነው።

አንድ ነገር ግን እንድትጠነቀቁልኝ እፈልጋለሁ። ቀለበት። «ቀለበት ክልክል ነው» ብለን ስናስወልቅ ነገሩ ይደበቃል። ከፋሲካ በኋላ አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ ቀለበት አድርጋ መጣች፣ ዘበኛው አስወለቃት፣ ኪሷ ከተተችው፣ ገባች። ማንም አልጠየቃትም። ሰኔ ላይ ፈተና አልቀመጠችም። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ነው፤ እሷ 15 አልሞላትም። ያ ቀለበት እየነገረን ነበር፣ እኛ ኪስ አስገባነው። ስለዚህ ቀለበት የታየባት ልጅ ወደ ቤት አትመለስ። ወደ ሴት መምህር ትምጣና ትጠየቅ። በለሆሳስ፣ ብቻዋን።

የወላጆች ተወካይ

ይህስ እውነት ነው። ይህ ከሎቲው በፊት ይጻፍ።

የኅብረቱ ጸሐፊ

እሺ። እስካሁን የተስማማንበትን አንድ ላይ ላድርገው፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙ።

የደንብ ልብሱ ቀለም ለሁሉም አንድ ነው፤ ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ ተማሪው ይመርጣል፣ ሲበርድ ከሥር መደረብ አይከለከልም። ጥፍር ይቆረጥ፣ ንጹሕ ይሁን፤ እንሶስላ ቀለም አይደለም። በስፖርትና በቤተ ሙከራ ማንኛውም ጌጥ ይወልቃል፣ ረጅም ጸጉር ይታሰራል፣ ምክንያቱ አደጋ ነው። ማተብና ሒጃብ ጌጥ አይደሉም። ቀለበት ያደረገች ልጅ አትመለስም፣ ትጠየቃለች። በአለባበስ ምክንያት ማንም ከክፍል አይቀርም፤ ጥፋት ካለ ለወላጅ ይነገራል። እጅና መቀስ አይገባበትም።

ያልተስማማንበት ሁለት ነው። የወንዶች ጉትቻ አለ፣ አባባ አይፈርሙም። የጸጉር ርዝመትም አለ። ሁለቱንም ሳልደብቅ «አልተስማማንም» ብዬ ከነምክንያታችን እጽፋለሁ። ርእሰ መምህሩ ይዩት።

የወላጆች ተወካይ

ጻፍ። ስሜን ግን ከሎቲው ራቅ አድርገው።

የስፖርት መምህር

ዘበኞቹስ? አምና እኮ ወረቀቱን ያነበበላቸው የለም። የሰሙትን ነው የሚያስፈጽሙት።

የኅብረቱ ጸሐፊ

ልክ ነህ። ጳጉሜን 1 ዘበኞቹንና ዩኒት ሊደሮቹን ሰብስበን እናነብላቸዋለን። አንተና መምህርት ብትመጡ ጥሩ ነው። ሻይ በኔ።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ እናት

አንድ ጥያቄ ብቻ። እናቴ ዛሬ ደውላ ነበር። እንሶስላውን ከጓሮ ልትቆፍር ነው፣ ልጅቱም ጓጉታለች። ተይው ልበላት ወይስ?

የኅብረቱ ጸሐፊ

ትቆፍር።