ለሠራተኛ የሱስ ሕክምና መክፈል ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለኝ። የኦፍሴት ማሽኑን ለዓመታት የያዘው ሠራተኛዬ ከአረቄ መላቀቅ አቅቶት፣ ሰኞ ሰኞ ወይ ይቀራል፣ ወይ እጁ እየተንቀጠቀጠ ገብቶ ቀለሙ እስኪስተካከልለት ድረስ ብዙ ወረቀት ያበላሻል። የሒሳብ ሠራተኛችን ይሰናበት ትላለች፤ እኔ ግን ላሳክመው አስቤያለሁ። ለሱስ ሕክምና የወጣ ገንዘብ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይመለሳል የሚባለው ለእኔ ቢጤው ነጋዴም ይሠራል?

መልስ 1፦ ቁጥሩ የአሜሪካ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ምርምር ተቋም ለሕክምና የሚወጣ 1 ዶላር ከወንጀልና ከፍርድ ወጪ ከ4 እስከ 7 ዶላር ያድናል ይላል፤ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የካሊፎርኒያ ጥናትም 7 ዶላር ገደማ አግኝቷል። ሆኖም የትርፉ አብዛኛው ክፍል የተገኘው ከወንጀል መቀነስ ስለሆነ፣ ጥቅሙ የሚገባው ለመንግሥትና ከዝርፊያ ለዳነው ሰው እንጂ ለእርስዎ ካዝና አይደለም። ጠጥቶ ቤቱ ለሚተኛ ሰው ይህን ስሌት እንዳለ መውሰድ ራስን መሸንገል ነው። እርስዎ የተበላሸውን ወረቀት፣ የዘገየውን ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አዲስ ሰው ማሽኑን እስኪለምድ የሚባክነውን ጊዜ ይቁጠሩ። ለሚስቱና ለልጆቹ የሚተርፈው ደመወዝ በመዝገብዎ ባይገባም፣ እኔ ብሆን አልዘነጋውም።

መልስ 2፦ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ሰው ወጪውን የሚገምተው አልኮሉ ከሰውነት እስኪወጣ በሚተኛባቸው ቀናት ነው፤ እነዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት ብዙም አያልፉም። ገንዘብ የሚበላው ከዚያ በኋላ ያለው የወራት ክትትል ነው። ሱስ ከታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶ በሚሆኑት ላይ ስለሚያገረሽ፣ እንደ ደም ግፊት ሁሉ በአንድ ዙር ያልቃል ብለው በጀት አይያዙ። ወጪ ለመቀነስ ብለውም በራሱ በአንዴ እንዲያቆም አያስገድዱት፤ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው መጠጡን ድንገት ቢተው ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። መርካቶ አቅራቢያ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል የመንግሥት በመሆኑ፣ የግል ማዕከል ከመጠየቅዎ በፊት እዚያ ይሞክሩ።

መልስ 3፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ካቀረበ የሕመም ፈቃዱ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ ነው። 6 ወር ሙሉ ቢቀር እንኳ የሚከፍሉት የ2 ወር ደመወዝ መሆኑን ለሒሳብ ሠራተኛዎ ይንገሯት።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የፈቃዱን ደመወዝ እኔ እችላለሁ፤ የመድኃኒቱን ወጪ ግን እኩል እንድንካፈል ልጠይቀው ነው።