የኤሲኤል (የጉልበት ውስጥ ጅማት) ኦፕራሲዮን ተደርጎላት አምስተኛ ወሯ ነው፤ ክለቡ ለዝግጅት ነይ ይላታል፤ ምን ትላላችሁ?

ጥያቄ፦ ወንድም ከለገጣፎ

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ የሴቶች እግር ኳስ ተጫዋች ናት፣ የመስመር አጥቂ። ጨዋታ ላይ ኳስ ይዛ ልትዞር ስትል እግሯ መሬቱን እንደረገጠ ቀረ፤ ጉልበቷ ቀጭ ሲል ራሷም ሰማችው። ማንም አልነካትም። ኤምአርአይ ስትነሳ ኤሲኤሉ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፣ ሜኒስከሱም (በጉልበት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ለስላሳ አጥንት) ተቀዷል ተባለ። ሜኒስከሱን ሰፍተው፣ ከጭኗ ኋላ ጅማት ወስደው ኤሲኤሉን ሠሩላት። አሁን አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ሕመም የለባትም፣ ደረጃ ትወጣለች፣ ጠዋት ጠዋት አስፋልት ዳር ሶምሶማ ጀምራለች። ክለቡ «ስድስት ወር ሲሞላሽ ለዝግጅት ነይ፣ ካልሆነ ውልሽ አይታደስም» አላት። የሠሩላት ሐኪም ደግሞ ከዘጠኝ ወር በፊት ጨዋታ የለም ብለዋል። እሷ ልሂድ እያለች ነው። ማንን እንስማ? ለፊዚዮቴራፒ መሀል ከተማ መመላለሱ ስለከበዳት እሱንም ቀንሳለች። እዚሁ ቤት ምን መሥራት ትችላለች?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት ከኮተቤ

ወንድሜ፣ ሐኪሙን ስሙ። ብዙ ልጆችን የሚያታልለው «አያመኝም» የሚለው ነው። የተተከለው ጅማት በገባበት ቀን ጠንካራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት የራሱ እስኪያደርገው ድረስ ይዳከማል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር አካባቢ መጀመሪያ ከነበረው በጣም የደከመ ነው። ከዚያ ደም እያገኘ ቀስ እያለ ይጠነክራል፤ ይህ ደግሞ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሕመሙና እብጠቱ ግን ቀድመው ይሄዳሉ። አምስተኛው ወር ላይ ጉልበቷ ዝም ያለው ጅማቱ ስለጨረሰ አይደለም።

ዘጠኝ ወሩም ዝም ብሎ የተባለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ወደ ጨዋታ መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት ዕድሉ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ይህም እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ ነው። ዘጠኝ ወር ሞላ ማለት ደግሞ ተፈቀደ ማለት አይደለም። የተሠራው እግር የጭን ፊት ጡንቻ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት፤ በአንድ እግር ዝላይም እንዲሁ። የዝላይ ፈተናውን ግን ባለሙያ ፊት እንጂ ብቻዋን እንዳትሞክረው።

ቤት ውስጥ ይህን አድርጉ። የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱና ከጉልበቷ ሎሚ በላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለቱንም ጭኖቿን ለኩ። ከዚያ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ ታጣጥፍ፣ በጤነኛው እግር ብቻ እየተነሣች እስክትደክም ትቁጠር፤ ቀጥላ በተሠራው። ልዩነቱን ራሷ ስታየው ከእኛ ምክር በላይ ያሳምናታል። ሜኒስከሷ ስለተሰፋ ክብደት ይዞ ቁጢጥ ማለት ሐኪሙ ሳይፈቅዱ አይሆንም።

መልስ፦ ኳስ አፍቃሪ ከሱሉልታ

የትልልቆቹን እንኳ እዩ። የሆላንዱ ተከላካይ ቫን ዳይክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ኤሲኤሉ ተጎዳ፣ የአውሮፓ ዋንጫ አመለጠው፣ ሊግ ላይ የተመለሰው በነሐሴ 2021 ነው። የስፔኗ አሌክሲያ ፑቴያስም በሐምሌ 2022 ተጎድታ በሚያዝያ 2023 መጨረሻ ነው የተመለሰችው። እነዚህ በየቀኑ አጠገባቸው ፊዚዮ፣ ገንዳና ጂም ያላቸው ናቸው። የስዊድኑ አጥቂ ዝላታን በሰባት ወር መጥቷል፣ እሱን አትከተሉ። የብራዚሉ ሮናልዶ ጉዳቱ ኤሲኤል ሳይሆን ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ነበር፤ በኅዳር 1999 ኦፕራሲዮን ተደርጎ በሚያዝያ 2000 ከላዚዮ ጋር ተቀይሮ ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ ያው ጉልበት ሙሉ በሙሉ ተበጠሰ። ሁለተኛውን ጊዜ ግን በደንብ አገገመና በ2002 የዓለም ዋንጫ 8 ጎል አገባ።

መልስ፦ ሯጭ ከሰንዳፋ

ሶምሶማውን ከአስፋልት ዳር አውጧት። ዳሩ ያጋደለ ስለሆነ አንዱ እግር ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። ሜዳ፣ ለጥ ያለ ሣር ፈልጉላት፤ ቁልቁለት ለጊዜው ይቅር። በማግስቱ ጠዋት ጉልበቷ ካበጠ ያለፈው ቀን በዝቶባታል ማለት ነው።

መልስ፦ የቀድሞ ተከላካይ

እኔም በሁለት ጉልበቴ አልፌበታለሁ፣ የእህትህ ጭንቀት ይገባኛል። ውል የሌላት ተጫዋች ቁጭ ብላ ስትጠብቅ የምትረሳ ይመስላታል። ስለዚህ «አልመጣም» አትበል፤ «እመጣለሁ፣ ግን በዚህ ደረጃ» ትበል። ከሐኪሙ ደብዳቤ ታጽፍ፦ አሁን ጂምና ቀጥታ ሩጫ፣ ቀጥሎ ብቻዋን ከኳስ ጋር፣ ከዚያ አቅጣጫ እየቀየሩ መሮጥ፣ ንክኪ ያለበት ልምምድ መጨረሻ ላይ። ከቡድኑ ጋር ትታይ፣ ታኬታዋን አድርጋ ግጥሚያ ግን አትግባ። ደብዳቤውን ለአሰልጣኙ ብቻ ሳይሆን ለክለቡ ጽሕፈት ቤት ሰጥታ ኮፒው ላይ ማኅተም ታስመታ።

ጠያቂው፦ ወንድም ከለገጣፎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካናት፤ የተሠራው ጭኗ በሦስት ሴንቲ ሜትር ቀጥኗል። ወንበሩ ላይ በጤነኛው እየተነሣች በተሠራው ግን ሁለት ጊዜ ተነሥታ ደገፍ አለች። ዝም አለች፤ ማታ ራሷ ደብዳቤውን እናጽፍ አለችኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ እናታችን ወጌሻ ጋ ትታሽ ትላለች። ይጎዳል?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት ከኮተቤ

ለእናታችሁ በአክብሮት አስረዷቸው፦ ጭኑን ቀለል አድርጎ ማሸት ችግር የለውም፣ ጉልበቱን ይዞ በኃይል ማጠፍና መጠምዘዝ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የተሰፋውን ሊተረትረው ይችላል። ምልልሱ ከከበዳት በሳምንት ሦስቴ ቤት ትሥራ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ባለሙያ ጋ ሄዳ ክብደቱን ታስጨምር። አጠገባችሁ ካለ ጂም ሁለት ማሽን ይበቃታል፣ እግር መግፊያውና ብስክሌቱ። ስትሄድ የኦፕራሲዮን ወረቀቷን ትያዝ፤ የሜኒስከሱ ስፌት የት እንዳለ ሳያዩ መጠኑን መወሰን አይቻልም።