ሥጋን በቤት ውስጥ ለማቆየት የትኛው ጨው ይሻላል?

ሥጋን በማቆያ ጨው፣ ማለትም ናይትራይት የተባለ ውህድ በተቀላቀለበት ጨው፣ ማዘጋጀት ለሚጀምር ሰው የምሰጠው ጥቆማ በሁለት ጥያቄዎች መልስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሥጋው ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ከመበላቱ በፊትስ ይበስላል ወይስ አይበስልም?

የሚበስል ከሆነ ፕራግ ፓውደር ቁጥር 1 ወይም ኢንስታ ኪዩር ቁጥር 1 ተብሎ የሚሸጠው ማቆያ ጨው በቂ ነው። ከመቶው 6.25 እጅ ሶዲየም ናይትራይት ሲሆን ቀሪው ተራ ጨው ነው። ናይትራይቱ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያስከትለውን ባክቴሪያ ይገታል፣ ሥጋው ሲበስልም ቀላ ያለ መልኩን እንዳይለቅ ያደርጋል። የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ሥጋ 2.5 ግራም ነው። ስለዚህ 2 ኪሎ ሥጋ በጠቅላላው 2.5 በመቶ ጨው እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው 5 ግራም የማቆያ ጨውና 45 ግራም ያህል ተራ ጨው ቀላቅሎ፣ ሥጋውን በደንብ አሽቶ፣ በተዘጋ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ቁጥር 2 በናይትራይቱ ላይ 4 በመቶ ገደማ ሶዲየም ናይትሬት ተጨምሮበታል። ናይትሬቱ በባክቴሪያዎች አማካይነት ቀስ በቀስ ወደ ናይትራይት ስለሚለወጥ ሳይበስል ለሳምንታትና ለወራት እየደረቀ ለሚቆይ ሥጋ ይስማማል። ይሁን እንጂ የማድረቂያውን ክፍል ሙቀትና እርጥበት መቆጣጠር ለማይችል ጀማሪ አልመክረውም። በከፍተኛ ሙቀት ለሚጠበስ ሥጋም አይመረጥም፤ ናይትሮሳሚን የተባሉ ጎጂ ውህዶች የመፈጠር ዕድል ይጨምራልና።

በአውሮፓ የተለመደው ናይትራይት ጨው ግን ለጀማሪ ከሁሉም የበለጠ ይቅር ባይ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙውን ጊዜ ናይትራይቱ 0.5 በመቶ አካባቢ ስለሆነ የምግቡን ጨው በሙሉ ተክቶ ይገባል፤ እጅ ቢበዛበት እንኳ ናይትራይቱ ከልክ ከማለፉ በፊት ጨዋማነቱ ራሱ አላስበላ ይላል። ለዚሁ 2 ኪሎ ሥጋ 50 ግራሙን በሙሉ ከእሱ መጠቀም ይቻላል። ቁጥር 1ን በዚያ ልክ የጨመረ ሰው ግን የታዘዘውን 10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የአንዱን አሠራር ለሌላው ማዋል ፈጽሞ አይገባም። ይህ ማስጠንቀቂያ ናይትራይትንና ናይትሬትን እያንዳንዳቸውን 0.5 በመቶ ከስኳርና ከጨው ጋር የያዘውን ሞርተን ቴንደር ኩዊክ የተባለ ማቆያ ጨውንም ይመለከታል፤ እሱን በራሱ ማሸጊያ ላይ በተጻፈው መመሪያ ብቻ መጠቀም ይሻላል።

ፖታሲየም ናይትሬት የቀድሞ ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረ ቢሆንም ወደ ናይትራይት የሚለወጥበትን ፍጥነት መገመት ስለሚያስቸግር ዛሬ የሚመረጥበት ምክንያት አይታየኝም። «ተፈጥሯዊ» ተብሎ የሚወደሰው ሴለሪ የተባለው አትክልት ዱቄትም የሚሰጠው ያንኑ ናይትራይት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ከምርት ምርት መለያየቱ ነው። የሂማላያ ጨው ደግሞ ሮዝ ቀለሙ ብቻ ያመሳስለዋል እንጂ ማቆያ ጨው አይደለም። ቁጥር 1 እና 2 ሮዝ የሚደረጉት ከገበታ ጨው ጋር እንዳይምታቱ ሆን ተብሎ ነው።

ከጨው ምርጫው እኩል የምጠቁመው 0.1 ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን መግዛት ነው፤ የሻይ ማንኪያ ለዚህ ሥራ አይታመንም። ናይትራይት ሲበዛ ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ስለሚያሳጣ የማቆያው ጨው ስሙ በጉልህ ተጽፎበት፣ ከወጥ ቤት ጨው ተለይቶ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።