ከኮሙናሉ ጀርባ ያለው ቦታ ለሕፃናት፦ ለወረዳው የምናስገባው ዕቅድ (ዓርብ ይዘጋል)

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ወረዳው የሰጠን ጊዜ ዓርብ ያበቃል። ጉባኤው የወሰነው ሁለት ነገር ነው፤ ከታንከሩ የተረፈው 184,000 ብር ለልጆች ይውላል፣ ከኮሙናሉ (ከብሎኮቹ የጋራ መገልገያ ቤት) ጀርባ ያለው ባዶ ቦታም ለዚሁ ይጠየቃል። ሌላው ሁሉ ያልተወሰነ ነው። ረቂቁን የብሎክ 7 መምህርት ጽፈዋል። የሙያውን ክፍል የብሎክ 3 ፊዚዮቴራፒስት ይጽፋል። የቦታውን ንድፍ የብሎክ 10 ልጅ እሥላለሁ ብሏል። ማስተካከያ ያለው ሰው ምትኩን ጽፎ ይምጣ እንጂ «አልተመቸኝም» ብቻ አይበል።

ብሎክ 7፣ መምህርት፦
ዓላማው፦ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆቻችን የሚድሁበት፣ የሚንጠላጠሉበት፣ የሚሸከሙበትና ሳይጎዱ የሚወድቁበት ቦታ ማዘጋጀት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ትንንሽ ልጆችን አስተምሬአለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ይመጡልኝ የነበሩት ልጆች ፊደሉን ከነዜማው ያወርዱታል፤ በአንድ እግር ቁሙ ስላቸው ግን ግድግዳ ይፈልጋሉ። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረኝ። እርሳሱን እንደ ዘነዘና በሙሉ እጁ ጨብጦ «መ»ን ሲጽፍ ወረቀቱ ይቀደድ ነበር። ትከሻው ወደ ጆሮው ተሰቅሎ፣ ምላሱ ወጥቶ፣ ሁለት መስመር ሳይሞላ ከወንበሩ ይወርዳል። ወደ እኔ የተላከው «ረባሽ» ተብሎ ነው። ደብተሩን ወሰድኩበትና ለሳምንታት ሊጥ አስለወስኩት፣ ምስር አስለቀምኩት፣ ትንሽ ጀሪካን ውሃ በሁለት እጁ አስጎተትኩት። ወረቀቱ መቀደዱን አቆመ፤ ረብሻውም አብሮ ቀነሰ። ልጁ ትከሻው ደክሞበት እንጂ ጠባዩ ከፍቶ አልነበረም።

33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ነው። ያን ሁሉ ጥምዝ ጣት ከመሥራቱ በፊት ክንድ፣ ከክንድም በፊት ትከሻና ወገብ መጽናት አለበት። ይህ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይገኝም።

የሚያስፈልጉን፦ አንድ ቢያጆ የታጠበ አሸዋ፣ የአፈር ጉብታ፣ ያገለገሉ የመኪና ጎማዎች፣ ሁለት ወፍራም ግንድ፣ የመንጠላጠያ ብረት፣ ቋጠሮ ያለው ገመድ። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ይጫወታሉ።

ብሎክ 11፣ ገንዘብ ያዥ፦
«በባዶ እግራቸው» የሚለው ይሰረዝ። ሌላው ይሁን።

ብሎክ 7፣ መምህርት፦
አይሰረዝም። የሕፃን ውስጥ እግር መሬቱን ካላገኘው ሚዛንን ከየት ይማራል? ድክ ድክ የሚል ልጅ ያላችሁ ዛሬ ማታ ጫማውን አውልቁለትና ጣቶቹን እንዴት እንደሚዘረጋ እዩ።

ብሎክ 11፣ ገንዘብ ያዥ፦
መምህርት፣ እኔ ጎጃም ውስጥ እስከ አምስተኛ ክፍል የተማርኩት በባዶ እግሬ ነው። ጠዋት በውርጭ እግሬን ለማሞቅ ከብት ተኝቶ የተነሣበትን ቦታ ፈልጌ እቆም ነበር። የተማርኩበት ሚዛን የለም፤ የተማርኩት ማፈርን ነው። እዚህ የምለፋው ልጄ ያንን እንዳያይ ነው። ማኅተማችን ያረፈበት ወረቀት ላይ «ልጆቻችን ባዶ እግራቸውን ይሁኑ» ተብሎ ወረዳ ሲነበብ መስማት አልፈልግም።

ብሎክ 5፦
ገንዘብ ያዡን እደግፋለሁ። ወላይታ ነው የተወለድኩት። ቀይ አፈር ላይ ዘመኑን ሁሉ ያለ ጫማ የሄደ ሰው እግሩ እንዴት እንደሚያብጥ ከቤቴ አይቻለሁ፤ አክስቴ በዚሁ ምክንያት ከሰርግም ከለቅሶም ቀርታ ነው የኖረችው። የጤና ሠራተኞቹ ሁልጊዜ የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ ጫማ አድርጉ፣ እግራችሁን ታጠቡ። አሁን አውልቁ ስባል ዝም ማለት አልችልም።

ብሎክ 7፣ መምህርት፦
ያ በሽታ የሚመጣው በዓመታት ነው፤ የታጠበ አሸዋ ላይ በቀን አንድ ሰዓት ከመጫወት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብሎክ 5፦
አሸዋው ታጥቦ ይምጣ፤ በሁለተኛው ወር ግን አፈር ነው። ሙጃሌም አለ።

ብሎክ 2፣ የመንትዮቹ እናት፦
ጫማውን ለአፍታ አቆዩትና አንድ ነገር ልጠይቅ። መንትዮቼ 14 ወራቸው ነው። ሴቷ ትራመዳለች፤ ወንዱ ገና በእንፉቅቅ ነው፣ በእጅና በጉልበቱም ድሆ አያውቅም። አንዲት ጎረቤት «ያልዳኸ ልጅ ትምህርት አይገባውም» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። መራመጃ ጋሪ ልግዛለት?

ብሎክ 3፣ ፊዚዮቴራፒስት፦
አይግዙ። ጋሪው መራመድን አያፋጥንም፤ ከደረጃ ግን ይጥላል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ጭምር ከልክላለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን አስከትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ውጤት፣ ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀመረው ከ8 ወር ግድም እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከመቶው አራት ያህሉ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ ነው የተራመዱት። ልጅዎ በጊዜው ውስጥ ነው። 18 ወር ሞልቶት ካልተራመደ ወይም አንዱን ጎኑን ብቻ የሚጠቀም ከመሰለዎት ያን ጊዜ ይመርመር። ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ የምታዝለው ከሆነ ግን ታውርደው። ማዘል ነውር የለበትም፤ ድርጅቱ የሚመክረው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ ነው።

መምህርት የጻፉትን ሰው «ያልዳኸ አይጽፍም» ብሎ እንዳይተረጉመው ረቂቁ ይስተካከል። ልጆች መንገዳቸው ይለያያል። ሆኖም ከመቶ የተማሪ ቤት ልጆች አምስት ስድስት ያህሉ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር አለባቸው፤ ቁልፍ መቆለፍ፣ ኳስ መቅለብ፣ መጻፍ ያስቸግራቸዋል። ብዙዎቹ ትኩረት የመሰብሰብ ችግርም አብሯቸው ይታያል። ሰነፍና ዝርክርክ እየተባሉ የሚገረፉት እነዚህ ናቸው። ቦታው ከተሠራ በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወርጄ ልጆቹን አያለሁ። ስፋቱን ለመለካት የጓሮውን በር ቁልፍ ከጥበቃው ወስጃለሁ። ሁለቱን ገጽ ሐሙስ ማታ እልካለሁ።

ብሎክ 2፣ የመንትዮቹ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ እተኛለሁ።

ብሎክ 11፣ ገንዘብ ያዥ፦
ስለዚህ ባዶ እግር የሚለውን ባለሙያውም አልጠቀሰውም። ይሰረዝ።

ብሎክ 9፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከስቱዲዮ ቤቴ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑንና ቡታጋዙን ቀንሱና የቀረውን ወለል ለኩት፤ ትንሽ ምንጣፍ ናት። በሩን ስከፍት ኮሪደር ነው፣ ከኮሪደሩ ቀጥሎ የአራተኛ ፎቅ ደረጃ ነው። ልጄ ሶፋ ላይ ስልክ ይዞ የሚውለው ወድጄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ልጆች ሲጫወቱ በአንድ ሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ እንደሚራመዱና 17 ጊዜ እንደሚወድቁ ቆጥሯል። የእኔ ልጅ ይህን ሁሉ እርምጃ የት ያድርሰው? ሁለት ቀን ሙሉ ጫማ፣ ጫማ!

ብሎክ 14፦
መፍትሔው ቀላል ነው። ኮንክሪት ይሞላ። ጭቃ አይኖርም፣ ቀይ አፈር አይኖርም፣ ልጆቹም ጫማቸውን አድርገው ይጫወታሉ።

ብሎክ 9፦
17 ጊዜ ኮንክሪት ላይ?

ብሎክ 7፣ መምህርት፦
ኮንክሪት ከሆነ እኔ የለሁበትም። ጉብታ ላይ የሚወጣ ልጅ ጉልበቱን በየት በኩል እንደሚያጥፍ፣ ሲወርድ ክብደቱን የት እንደሚጥል በየእርምጃው ማሰብ አለበት። ለጥ ያለ ወለል ምንም አይጠይቀውም። ለጥ ያለ ወለልማ ቤታችንም አለ።

ብሎክ 11፣ ገንዘብ ያዥ፦
እርስዎ ልጆችዎን ጨርሰው አሳድገዋል። በሰው ልጅ እግር ላይ እንዲወስኑ ማን ፈቀደልዎ?

ብሎክ 7፣ መምህርት፦
የታንከሩን ገንዘብ አንድ ዓመት ተኩል ይዘህ እንድትቀመጥስ ማን ፈቀደልህ?

ብሎክ 11፣ ገንዘብ ያዥ፦
እንግዲህ ይህ ከመጣ ቁልፉንም የባንክ ደብተሩንም ለሊቀ መንበሩ አስረክባለሁ። ያለ ደመወዝ፣ እሑዴን ሠውቼ የሠራሁት ለዚህ አልነበረም። ነገ ጠዋት ተረከቡኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሁለታችሁም ለዛሬ ይብቃችሁ። ሒሳቡ ተመርምሮ የተዘጋ ነው፤ ማንም አያንሣው። ነገ እንቀጥላለን።

ብሎክ 7፣ መምህርት፦
ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ። የሒሳቡን ነገር መጻፍ አልነበረብኝም። ደረሰኞቹን አይተው ከፈረሙት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔው ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።

ብሎክ 11፣ ገንዘብ ያዥ፦
ይቅር ለእግዚአብሔር። እኔም እንደ እናቴ ለሚሆኑ ሰው የማይባል ነገር ብያለሁ። ማታ የትንሹን ልጄን ጫማ አውልቄ ምንጣፉ ላይ አቆምኩት። እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘርግቶ ምንጣፉን ቆነጠጠው፣ ከዚያም ሳይይዘኝ ጎንበስ ብሎ ማንኪያ አነሣ። ቤት ውስጥ አወልቅለታለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን አይጻፍ።

ብሎክ 5፦
እንግዲያው መግቢያው ላይ የጫማ መደርደሪያ ይሠራ። ወላጅ የፈለገ ያወልቅለት፣ ያልፈለገ ይተወው። ወረቀቱ ላይ «መደርደሪያ» ብቻ ይጻፍ።

ብሎክ 7፣ መምህርት፦
በዚህ እስማማለሁ።

ብሎክ 14፦
መደርደሪያ ከተሠራ ጣሪያ ያስፈልገዋል፣ ጣሪያ ከተሠራ አጥር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጫማው በሳምንቱ ይሰረቃል። አጥር ከታጠረ ደግሞ ማታ ማታ ቦታው ባዶውን ለምን ያድራል? ከመንገድ ዳር የምናቆመው መኪና ስፖኪዮው ስንት ጊዜ እንደተነቀለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የእኔ በዚህ ዓመት ብቻ ሁለቴ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አራት መኪና ይደርበት፣ ክፍያው ለልጆቹ ቁሳቁስ ይሁን። ለዚህም ነው ኮንክሪት ያልኩት።

ብሎክ 9፦
መኪና ያደረበት ቦታ ላይ ጠዋት ዘይት አለ። በእጅና በጉልበቱ የሚድህ ልጅ ምኑን ይዞ አፉ እንደሚያደርግ አስበኸዋል?

ብሎክ 14፦
ጥበቃው ጠዋት ያጥባል። ገቢው በየወሩ ነው፤ ልጆቹ ላይ ነው የሚውለው።

ብሎክ 12፦
ገቢ ካለው እደግፋለሁ። መዋጮ ሰልችቶናል።

ብሎክ 4፦
እኔም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ሆኗል። የብሎክ 3 ገጾች አልደረሱኝም። ሦስት ጊዜ ደውዬ ስልኩ አይነሣም። የብሎክ 10 ንድፍም አልመጣም። ነገ በስድስት ሰዓት ማስገባት ስላለብኝ በእጄ ባለው ጽፌዋለሁ፤ የመጡትን ሐሳቦች አሳጥሬአለሁ።

1. ከኮሙናሉ ጀርባ ያለው ቦታ ኮንክሪት ይሞላል፤ 96,000 ብር።
2. የሽቦ አጥርና በር፤ 61,000 ብር።
3. ጣሪያ ያለው የጫማ መደርደሪያ፤ 14,000 ብር።
4. በምሥራቁ ጥግ ሁለት በሦስት ሜትር የአሸዋ ገበታና ጎማዎች፤ 13,000 ብር።
5. ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ለአራት መኪና ማደሪያ በክፍያ።
6. የሕፃናት የእንቅስቃሴ ክትትል፤ ወደፊት ባለሙያ ሲገኝ።

ብሎክ 7፣ መምህርት፦
ጉብታውስ? ግንዶቹስ? የመንጠላጠያው ብረትስ? «ዓላማ» ብዬ የጻፍኩት መስመር የት ሄደ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ወረዳው አንድ ገጽ ነው የሚቀበለው። ርእሱ ላይ «ለሕፃናት» የሚለው አለ።

ብሎክ 7፣ መምህርት፦
መንጠላጠያው ይመለስ። የአጥሩ ብረት ለሁለት ቋሚና ለአንድ አግዳሚ ይበቃል፤ ዋጋ አይጨምርም። ከሥሩ አሸዋው ይሁን። ይህ ካልገባ ስሜ ከአዘጋጆቹ ዝርዝር ይውጣ።

ብሎክ 11፣ ገንዘብ ያዥ፦
ይግባ። ለብየዳው የሚጎድል ካለ ከኪሴ እከፍላለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
አራተኛው ላይ «መንጠላጠያ» ጨምሬአለሁ። ከእንግዲህ ምንም አልነካም።

ብሎክ 9፦
የመኪናው ነገር ላይ ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ተመዝግቧል። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አስገብቻለሁ፤ መልስ በሁለት ሳምንት ተብሏል።

ብሎክ 2፣ የመንትዮቹ እናት፦
ትናንት ማታ ወንዱ ልጄ የሶፋውን ጠርዝ ለቆ ቆመ። እህቱ እንኳ ከእኛ ጋር ወፌ ቆመች ብላ አጨበጨበች። ቁጭ አለ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ቁጭ አለ። ወረዳውን አልጠብቅም፤ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ይዤ ከኮሙናሉ ጀርባ እወርዳለሁ። መምህርት፣ ጀሪካንዋን ይዘው ይመጣሉ?

ብሎክ 7፣ መምህርት፦
ሁለት ይዤ እመጣለሁ። ሊጥም አለኝ።

ብሎክ 11፣ ገንዘብ ያዥ፦
ትንሹን እኔ አመጣዋለሁ።

ብሎክ 2፣ የመንትዮቹ እናት፦
የጓሮው በር ተቆልፏል። ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ የለም።

ብሎክ 9፦
የብሎክ 3 ልጅ እንደወሰደው ነው። ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል አሉኝ። መቼ እንደሚመለስ አላወቁም።