በሁለት አጻጻፍ የተከፈለ ስም፤ ሳይቴሽኑን (ጽሑፎቼ የተጠቀሱበትን ብዛት) እንዴት ላገናኘው?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኢነርጂ ሲስተም ምሕንድስና መምህር ነኝ። የገጠር መንደሮችን በፀሐይና በነፋስ ኃይል ስለማብራት 7 ጽሑፎች አሳትሜአለሁ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ላመለክት ስኮፐስን (የምርምር ጽሑፎችንና የተጠቀሱበትን ብዛት የሚመዘግበውን የመረጃ ቋት) ብከፍተው ሁለት ሰው ሆኜ አገኘሁት! የአባቴ ስም መሐመድ ነው፤ በላቲን ፊደል አንዱ ጆርናል መካከሉን በሁለት ኤም፣ ሌላው በአንድ ኤም ጽፎታል። አንደኛው «እኔ» 31፣ 9፣ 5 እና 1 ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች አሉት፤ ሁለተኛው 14፣ 6 እና 3 ጊዜ የተጠቀሱ ሦስት። የሁለቱም ኤች ኢንዴክስ 3 ነው፤ ማለትም በሁለቱም ገጽ ቢያንስ 3፣ 3 ጊዜ የተጠቀሱ ሦስት ጽሑፎች አሉ። ደምሬ 6 ብዬ ልጻፍ? የጎግሉ የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ጎግል ስኮላር፣ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ቁጥር ያሳየኛል። ማመልከቻው የሚገባው ሰኞ ነው።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ደሴ፦
አብሽር ወንድሜ፣ እኛ ዘንድ ይህ የየሳምንቱ ጥያቄ ነው። ኤች ኢንዴክስ ግን አይደመርም። ሁሉንም ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድራቸው፦ 31፣ 14፣ 9፣ 6፣ 5፣ 3፣ 1። አምስተኛው ጽሑፍ 5 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ስድስተኛው 6 መሙላት ሲገባው 3 ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ያንተ 5 ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. መለኪያውን ሲያቀርበው አሠራሩ ይኸው ነበር። 6 ብለህ ብትጽፍ ኮሚቴው ውስጥ ቆጥሮ የሚያፋጥጥህ ሰው አይጠፋም።
ሁለቱን ገጾች ለማዋሐድ ስኮፐስ ላይ የደራሲ መረጃ ማረሚያ አለ፤ ክፍያ የለውም። ሁለቱንም መርጠህ አንድ ሰው መሆናቸውን አሳውቅ። እስከ ሰኞ ላይደርስ ይችላልና የሁለቱን ገጽ ቅጂ ከአጭር ማብራሪያ ጋር አያይዝ።

ሌላ አስተያየት ሰጪ፣ ከሙጋድ፦
ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጎግል ስኮላር «ያንተ ናቸው ወይ» እያለ የሚያቀርብልህን በሙሉ ተቀበል፤ ቁጥሩ በአንድ ቀን ያድጋል።

ተመራማሪ፣ ኮምቦልቻ፦
ይህን ምክር ሰምቼ የተዋረድኩት እኔ ነኝ። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የእኔና የአባቴን ስም የያዘ ሰው ሞልቷል። ዝም ብዬ ስቀበል ከሶላር ጽሑፎቼ መካከል ስለ ግመል በሽታ የሚያትት ጥናት ገባ። ያስተዋለው ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እስከ ዛሬ «የግመሉ ሐኪም» ይለኛል። አዲስ ጽሑፍ በራሱ እንዳይጨምር አድርገህ፣ እያንዳንዱን አይተህ አስገባ። አንዱ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ከሆነ አዋሕደው፤ የጉባኤውን ጽሑፍና ከእሱ ያደገውን የጆርናል ጽሑፍ ግን አታዋሕድ፣ ሁለት ሥራዎች ናቸው።
የጎግል ቁጥር የሚበዛው የመመረቂያ ጽሑፎችንና ገና ያልታተሙትንም ስለሚቆጥር ነው፤ ስኮፐስ የሚቆጥረው ራሱ ከመዘገባቸው ምንጮች የመጣውን ብቻ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ ምንጩንና ያየህበትን ቀን ጻፍ። ከሁለቱ እየመረጡ ትልቁን መውሰድ ያስገምታል።

የማስተርስ ተማሪ፦
መምህር፣ ኦርኪድ አውጥተዋል? በነጻ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ መለያ ነው። ሳይቴሽን አይቆጥርም፤ ነገር ግን ጽሑፍ ሲያስገቡ ከስምዎ ጋር ከሰጡት የኤም ቁጥር አያሳስብዎትም። የቀድሞዎቹንም ከስኮፐስ ወደዚያ ማስተላለፍ ይቻላል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። 5 ብዬ ጻፍኩ፤ የማዋሐጃ ጥያቄውንም ዛሬ ልኬአለሁ። ጎግል ላይ ግመል አላገኘሁም፤ የጥርስ ሕክምና ጥናት ግን ነበር፣ አውጥቼዋለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የአንዱ ጆርናል አዘጋጆች የታተመውን ስም እንዲያርሙልኝ መጠየቅ እችላለሁ?

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ደሴ፦
ትችላለህ። የጽሑፉን ዲ.ኦ.አይ. ቁጥር (ቋሚ መለያውን) ጠቅሰህ ለአዘጋጁ በኢሜይል ጻፍ፤ ስህተቱ ከአንተ ረቂቅ የመጣ ከሆነም አትደብቅ። ከዚያ በኋላ አንዱን አጻጻፍ ያዝና አትልቀቀው።