የወፍጮ ሞተር ኩሽኔታ፦ ሲ3 ነው ኖርማል? ከየትስ ይገዛ?

ገላንና ዱከም ወፍጮ ቤት ያላችሁ ስለ ኩሽኔታ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የእኔ ሞተር የሚወስደው 6308 ሲ3 ነው፤ ሲ3 (C3) ማለት ከኖርማሉ ሰፋ ያለ የውስጥ ክፍተት ያለው ነው። ባለፈው ዓመት ከሰፈር ሱቅ «ያው ነው» ተብዬ 6308 ብቻ የሚል ገዛሁ። ኖርማሉ ምልክት የለውም፤ ለዚህ ነው የሚያሳስተው። ሁለት ሰዓት ጤፍ እንደፈጨ የሞተሩ ክዳን እጅ አያስነካም። በሦስተኛው ሳምንት ድርቅ ብሎ ቆመ። ሲወጣ የውስጡ ቀለበት ሰማያዊ ሆኗል፣ ግራሶው እንደ ጥላሸት ይፈረፈራል። የድሮውን በናፍጣ ጠርጌ ሳየው ጎኑ ላይ ሲ3 የምትለዋ ጽሑፍ ደብዝዛ ቁጭ ብላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኳሶቹና በቀለበቶቹ መሃል ትንሽ ክፍተት አለ። ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ ጠብቆ ሲገባ የውስጡ ቀለበት ይለጠጣል፣ ክፍተቱ ይጠባል። ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከውጪው ይበልጥ ይግላል፤ እንደገና ይጠባል። ክፍተቱ ካለቀ ኳሶቹ ይጣበቃሉ፤ ሲ3 ከመነሻው ሰፋ የሚለው ለዚህ ነው። በ6308 ላይ ኖርማሉ ከ6 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ነው፣ ሲ3 ከ15 እስከ 33። ያቺ ልዩነት ከፀጉር ውፍረት ታንሳለች፤ ሞተር ግን ታተርፋለች።

ሲ3 ማለት የተሻለ ጥራት ማለት አይደለም። ቀስ ብሎ ለሚዞርና ለማይሞቅ ማሽን ኖርማሉ ይበቃል። እዚያ ሲ3 ቢገባ ድምፅና ንዝረት ሊያመጣ ይችላል።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ቃሊቲና አቃቂ ያሉት ሱቆች ለቸኮለ ሰው ጥሩ ናቸው። እኔ በሄድኩባቸው ግን ሲ3 አንዳንዴ ነው የሚገኘው። መርካቶ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ፎርጅዱም አብሮ አለ። ካርቶኑን አትመኑ፣ ቀለበቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ። ብራንዱ ኤስኬኤፍ (SKF) ከሆነ ኦቴንቲኬት የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለው፤ ፎቶ አንስታችሁ ትልካላችሁ፣ እነሱ ያጣሩላችኋል። ደረሰኝ የሚሰጥ አስመጪ ይወደዳል። ለዋናው ሞተር ግን እኔ ከዚያ ነው የምገዛው። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። ሻፍቱ ተበልቶ ቀለበቱ የሚሽከረከርበት ከሆነ ሲ3ም፣ ከእሱ የሚሰፋው ሲ4ም አያድነውም። መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ይታይ። በካሊፐር ሳይሆን ይበልጥ ረቂቅ በሆነው መለኪያ፣ በማይክሮሜትር የሚለካ ምረጡ። ስትገጥሙም መዶሻው የውጪውን ቀለበት አይንካ፤ ቧንቧ የውስጡ ላይ አስደግፋችሁ ምቱ። ማሞቅ ከፈለጋችሁ ከ120 ዲግሪ አትለፉ። ባለ ጎማ ክዳን ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ ለማሞቅ ብላችሁ ዘይት ውስጥ አትንከሩት።

ለገጣፎና ሱሉልታ በኩል ማይክሮሜትር ያለው ቶርኖ ቤት የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙን። የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ እኔ የማውቀው የቃሊቲውን ብቻ ነው።